ጀግናው የማን ነው?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ አበው። የሆሊውዱ ሸረሪት ግን ድሩን ከማን ድር ጋር እንደሚያብር የሚወስነው እሱ ራሱ አይደለም፤ ጠበቆችና የሒሳብ ሹሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2019 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሶኒና ዲዝኒ የተባሉት ግዙፍ ኩባንያዎች በአንድ የፈጠራ ልጅ ምክንያት ሳይስማሙ ተለያዩ የሚል ወሬ ተሰማ። ልጁ ፒተር ፓርከር ይባላል፤ ጭንብሉን ሲያጠልቅ ስፓይደርማን ነው። ወሬው በወጣ ማግሥት የፊልሞቹ አፍቃሪ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ሶኒን በስስት፣ ሌላው ዲዝኒን በአልጠግብ ባይነት ከሰሰ። አርባ ቀን ሳይሞላ ኩባንያዎቹ ታረቁ፤ ልጁም ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ። የኩባንያዎቹ ጠብ በረደ፤ የአፍቃሪዎቹ ክርክር ግን አልበረደም።

ክርክሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ የአንዱ ስቱዲዮ ጀግና ወደ ተቀናቃኙ ስቱዲዮ ፊልም መሻገር ይገባዋል ወይስ አይገባውም? ነገሩ ከሩቅ ለሚያየው የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ካባ ለብሶ ስለሚበር፣ ግድግዳ ስለሚወጣ ፍጡር ጎልማሶች ሲሟገቱ ማየት ብዙውን ሰው ያስቃል። እኔን ግን አያስቀኝም። ከሙግቱ ሥር አንድ የቆየ የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ተኝቶ ይታየኛል። አንዱ ሰው የፈጠረው፣ ሌላው የገዛው፣ ሚሊዮኖች ደግሞ የወደዱት ገጸ ባሕርይ የማን ነው? ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ስለ ሸረሪቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳችን ስለ ተደራስያኑም ይናገራል።

በመጀመሪያ አጥሩ እንዴት እንደ ታጠረ እንመልከት። ማርቭል የተባለው የኮሚክ መጽሔት አሳታሚ በ1990ዎቹ የኋላው ዓይነት ባለጸጋ አልነበረም። በዲሴምበር 1996 የኪሳራ አቤቱታ ለፍርድ ቤት እስከ ማቅረብ ደርሷል። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ ቤቱን ለማቆም ሲል የፊልም መብቱን ከፋፍሎ ሰጠ። ኤክስ-ሜን የሚባሉት ሚውታንቶች ወደ ፎክስ ሄዱ። በ1962 በስታን ሊና በስቲቭ ዲትኮ የተፈጠረው ስፓይደርማንም ከብዙ የፍርድ ቤት ውጣ ውረድ በኋላ በ1999 የሶኒ ሆነ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ማርቭል ግን ችግረኛ እንጂ ሞኝ አልነበረም። በ2002 ሳም ሬይሚ ያዘጋጀው የመጀመሪያው የስፓይደርማን ፊልም በዓለም ዙሪያ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ ግን ሞፈሩ ምን ያህል እንዳረሰ ሁሉም አየ።

ማርቭል ኋላ ከእጁ ባልወጡት ጀግኖች ራሱ ፊልም መሥራት ጀመረ። በ2008 «አይረን ማን» ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዲዝኒ ማርቭልን ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛው። እንግዲህ በኮሚኩ ገጽ ላይ አንድ ሰፈር የኖሩ፣ አንዱ የሌላውን ደጃፍ ሲያንኳኩ የኖሩ ገጸ ባሕርያት በፊልሙ ዓለም በሦስትና በአራት ጌቶች ሥር ተበታትነው ተገኙ። አጥሩን ያጠረው የድርሰቱ ሴራ አይደለም፤ የፈጣሪዎቹም ምናብ አይደለም። የሽያጭ ውል ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

የውሉ አጥር ምን ያህል አስቂኝ እንደ ነበር ለማየት ከኩዊክሲልቨር የተሻለ ምስክር የለም። ይህ እንደ ነፋስ የሚሮጥ ወጣት በ1964 የኤክስ-ሜን ጠላት ሆኖ ተፈጠረ፤ በ1965 ደግሞ ከእኅቱ ጋር የአቬንጀርስ ማኅበርተኛ ሆነ። ስለዚህ ፎክስም የእኔ ነው አለ፤ ማርቭልም የእኔ ነው አለ። በ2014 የፎክሱ ኩዊክሲልቨር ብቅ አለ፤ በ2015 የማርቭሉ ተከተለ። ተዋንያኑ የተለያዩ፣ ታሪካቸው የማይገናኝ። የፎክሱ ስለ አቬንጀርስ ትንፍሽ ማለት አይችልም፤ የማርቭሉ ሚውታንት ነኝ ማለት አይችልም፤ ቃሉ ራሱ የሌላ ሰው ንብረት ነበርና። አንድ ሰው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ስሙን፣ ግማሹ ዘሩን ይዞ ሄደ ማለት ነው። ሰሎሞን «ሕፃኑን ለሁለት ክፈሉት» ባለ ጊዜ እውነተኛይቱ እናት ጮኻ ነበር። እዚህ ግን ሁለቱም እናቶች ተስማምተው ወሰዱት።

ከዚህ በኋላ የተከራካሪዎቹን ቃል እንስማ። «ይሻገሩ» የሚሉት ወገኖች ዋና መከራከሪያቸው ጠንካራ ነው። እነዚህ ገጸ ባሕርያት በመጀመሪያውም አንድ ዓለም ውስጥ ነው የተፈጠሩት፤ የለያቸው ገንዘብ ስለሆነ፣ ማገናኘት ወደ ተፈጥሯቸው መመለስ ነው ይላሉ። ደግሞም ሰው ለራሱ ደስታ ሲል ኪሱን ፈትቶ የሚያየውን ነገር ኩባንያ ለኩባንያ ጠብ ብሎ ለምን ይነፈጋል? ሲሉ ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው፤ በ2019 ሳሩ ተመልካቹ ነበር።

«አይሻገሩ» የሚሉትም እንዲሁ በዋዛ የሚናቁ አይደሉም። እነሱ የሚሉት፣ ገጸ ባሕርይ የሚያድገው በራሱ መቼት ውስጥ፣ በራሱ ችግር ተከቦ ነው። የጎረቤት ጀግና በገባ ቁጥር የቤቱ ባለቤት ያንሳል። ለዚህም ምሳሌያቸው ራሱ ስፓይደርማን ነው። በፌብሩዋሪ 2015 ሶኒና ማርቭል በደረሱት ስምምነት መሠረት ልጁ በ2016 «ካፕቴን አሜሪካ፦ ሲቪል ዋር» በተባለው ፊልም ከአቬንጀርሶቹ ጋር ተቀላቀለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ነገር ግን ፒተር ፓርከር ማን ነበር? የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው፣ ልብሱን በገዛ እጁ የሚሰፋ፣ አጎቱ በእሱ ቸልተኝነት የሞተበት የኒው ዮርክ ድሃ ልጅ ነበር። ድንበሩን ሲሻገር ቶኒ ስታርክ የተባለ ቢሊየነር ተቀበለው፤ ልብስ ሰጠው፤ አባት ሆነው። የአጎቱ ሞት ከታሪኩ ገሸሽ ተደረገ። ድሃው የባለጸጋ ልጅ ሆነ። በዚህ ትችት ውስጥ እውነት አለ። ተዋናዩ ቶም ሆላንድ ጥሩ ነው፤ የ2017ቱ «ሆምካሚንግ» ሳቅና ለዛ አለው፤ ግን የልጁ ልፋት በሰው ገንዘብ ተሸፍኗል።

እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች ልክ ከሆኑ ዳኛው ማን ይሁን? የእኔ መልስ፣ ጥያቄው ራሱ ተሳስቶ ቀርቧል የሚል ነው። «መሻገር ይገባል ወይስ አይገባም?» ብሎ መጠየቅ «በልብ ወለድ ውስጥ ሠርግ ይገባል ወይስ አይገባም?» እንደ ማለት ነው። መጠየቅ ያለበት፣ የተሻገረው ገጸ ባሕርይ በመሻገሩ ምን ከፈለ? ምንስ ሆኖ ተመለሰ? የሚለው ነው። ከድንበሩ ወዲያ ሄዶ እንደ ነበረው ከተመለሰ፣ ያየነው ድርሰት ሳይሆን ማስታወቂያ ነው።

ይህን መለኪያ ይዘን ወደ ወረቀቱ ታሪክ ብንሄድ ብዙ እንማራለን። ማርቭልና ተቀናቃኙ ዲሲ ከፊልሞቹ እጅግ ቀድመው አጥራቸውን ከፍተዋል። በ1976 ሱፐርማንና ስፓይደርማን በአንድ ትልቅ መጽሔት ውስጥ ተገናኙ። በ1996 ደግሞ ሁለቱ አሳታሚዎች ጀግኖቻቸውን ግንባር ለግንባር አጋጠሙ። ከአሥራ አንዱ ፍልሚያዎች አምስቱን የወሰነው ደራሲው አይደለም፤ የአንባቢ ድምፅ ነው። ሱፐርማን ሃልክን፣ ባትማን ካፕቴን አሜሪካን፣ ስፓይደርማን ሱፐርቦይን፣ ስቶርም ዎንደር ዉማንን፣ ዎልቨሪን ደግሞ ሎቦን አሸነፉ። ሎቦ ከሱፐርማን ጋር የሚመጣጠን ጉልበት አለው የሚባል ፍጡር ነው። ዎልቨሪን እንዴት አሸነፈው? ሁለቱ ከመጠጥ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ይወድቃሉ፤ ዎልቨሪን ብቻውን ይነሣል፤ በቃ። ደራሲው ሊያሳየን አልቻለም፤ ምክንያቱም የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። ድምፁ የቆጠረው የጀግናውን ክንድ ሳይሆን የአፍቃሪውን ብዛት ነበርና።

ከዚህ ምርጫ የምወስደው ትምህርት ለዛሬውም የሚሆን ይመስለኛል። አንባቢ የድርሰት ወዳጅ ነው፤ ዳኛም ነው፤ ድርሰቱ ውስጥ ገብቶ መጨረሻውን በእጅ ብልጫ ሲወስን ግን ራሱን ያታልላል። ሊያየው የፈለገውን አይቶ ይወጣል፤ ያላሰበውን ግን ሳያይ ይቀራል። ድርሰት የምንወደው ደግሞ ላላሰብነው ነገር ስንል ነው።

ሌላው የወረቀት ምስክር የበለጠ ልብ የሚነካ ነው። የዲሲው የፍትሕ ማኅበርና የማርቭሉ አቬንጀርስ የሚገናኙበት መጽሐፍ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተጀምሮ፣ ሠዓሊው ጆርጅ ፔሬዝ ገጾችን መሣል ከጀመረ በኋላ፣ በአሳታሚዎቹ አለመግባባት በ1983 ቀረ። ፔሬዝ ሃያ ዓመት ጠብቆ በ2003 እና በ2004 ከደራሲው ከርት ቢዩሲክ ጋር ፈጸመው። ገጾቹን ያየ ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ጀግኖች አንዱም ሳይድበሰበስ፣ እያንዳንዱ በየልብሱና በየአቋሙ ተሥሏል። ይህ ውል ሳይሆን ፍቅር የሠራው ነው። ፔሬዝ በጠና በታመመበት በ2022፣ ሁለቱ ተቀናቃኞች ተስማምተው ለችግረኛ የኮሚክ ባለሙያዎች መርጃ እንዲሆን 7,000 ቅጂ እንዲታተም ፈቀዱ፤ በዚያው ዓመት በሜይ ወር አረፈ። አጥሩ መከፈት ሲፈለግ ይከፈታል ማለት ነው። ይህን ያህል ጊዜ የተዘጋውም መክፈቻው ጠፍቶ አልነበረም።

ወደ ፊልሙ እንመለስ። በሲኒማው ታሪክ የተቀናቃኞች ገጸ ባሕርያት የተገናኙበት የታወቀው ፊልም በ1988 ሮበርት ዜሜኪስ ያዘጋጀው የጥንቸሉ የሮጀር ራቢት ፊልም ነው። የዲዝኒው ሚኪ ማውስና የዋርነሩ በግስ በኒ አብረው ይታያሉ፤ ዶናልድና ዳፊ የተባሉት ሁለት ዳክዬዎች ፒያኖ ላይ ተቀምጠው ይፎካከራሉ። ሚኪና በግስ እኩል ደቂቃ እንዲታዩ ጥንቃቄ እንደ ተደረገ ይታወቃል። ይህ የሚዛን ነገር ያስቃል፤ ፊልሙ ግን ውሉን አሸንፏል፤ ምክንያቱም የሁለቱ ዳክዬዎች ፉክክር ጠባያቸውን ገልጦ ያሳየናል። አንዱ ቁጡ፣ ሌላው ነገረኛ፤ ሁለቱም መሸነፍ የማይወዱ። መገናኘታቸው ራሳቸውን አጎላቸው እንጂ አላሳነሳቸውም።

በዚህ ሚዛን ከ2021 ወዲህ የመጡትን ስንመዝን ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። በ2021 «ዋንዳቪዥን» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ውስጥ የፎክሱ ኩዊክሲልቨር ኢቫን ፒተርስ በድንገት የማርቭሏን የዋንዳን በር አንኳኳ። አፍቃሪዎች ብድግ አሉ፤ አጥሩ ፈረሰ ብለው ደስ አላቸው። መጨረሻ ላይ ሰውየው ተራ ጎረቤት ሆኖ ተገኘ፤ ነገሩ ሁሉ ቀልድ ነበር። እኔ ቀልድ አልጠላም። ግን ይህ ቀልድ የሚያስቀው ማንን ነው? ወንድሟን ባጣች ሴት ኀዘን ላይ፣ ያንን ተዋናይ በወደደ ተመልካች ትዝታ ላይ የተሠራ ቀልድ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እዚህ አጥሩ የተነቀነቀው ተመልካቹ ተንቆ ነው።

ከዚህ የባሰው የቬነም ጉዞ ነው። የሶኒው ቬነም በ2021 በፊልሙ ማብቂያ ላይ ወደ ማርቭል ዓለም ተወረወረ። ስፓይደርማንና ቬነም ሊገናኙ ነው ተብሎ ስንት ተወራ! ከጥቂት ወር በኋላ አንድ መጠጥ ቤት ተቀምጦ ሲጠጣ አየነው፤ ሒሳቡን ሳይከፍል ወደመጣበት ተመለሰ። በ2022ቱ «ሞርቢየስ» መጨረሻም ቨልቸር የተባለው የማርቭሎቹ ወንጀለኛ ያለ አንዳች አሳማኝ ምክንያት ወደ ሶኒ ዓለም መጣ፤ ከዚያም ስሙን የሚያነሣው ጠፋ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። እንዲህ ያለው መሻገር ተመልካቹን የሚቀጥለውን ትኬት እንዲቆርጥ ከማስጎምጀት ሌላ ሥራ የለውም። ሶኒ ሸረሪቱ የሌለባቸውን የሸረሪት ፊልሞች እየደረደረ በ2024 «ማዳም ዌብ» እና «ክሬቨን» ላይ ሲደርስ፣ ተመልካቹ ትኬቱን ባለመቁረጥ መልሱን ሰጠ።

አሁን ወደ ተሳካው እንምጣ። በዲሴምበር 2021 የወጣው «ስፓይደርማን፦ ኖ ዌይ ሆም» በዓለም ዙሪያ ከ1.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ገንዘቡ ጥሩነቱን አይመሰክርም፤ ጥሩነቱን የሚመሰክሩት ሌሎች ነገሮች ናቸው። ፊልሙ ሦስት ስፓይደርማኖችን ያገናኛል፦ የ2002ቱን ቶቢ ማጓየርን፣ የ2012ቱን አንድሩ ጋርፊልድን፣ የአሁኑን ቶም ሆላንድን። የጋርፊልዱ ፒተር በ2014 ፊልም የሚወዳት ልጅ ከከፍታ ስትወድቅ ደርሶ ሳያድናት ቀርቷል። ከዚያ ፊልም በኋላ ሶኒ የእሱን ታሪክ አቋርጦታል፤ ስለዚህ ኀዘኑ ሳይፈታ ሰባት ዓመት ተንጠልጥሎ ቆየ። በ«ኖ ዌይ ሆም» የሌላው ፒተር ፍቅረኛ ከከፍታ ስትወድቅ የሚዘልላት እሱ ነው። ይይዛታል። መሬት ሲያደርሳት ደህና መሆኗን ይጠይቃታል፤ ልጅቱ ደህና ናት፤ እንባ የሚተናነቀው እሱ ነው። ይህ ትዕይንት ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ነገር ግን በራሱ ዓለም ፈጽሞ ሊያገኘው የማይችለውን ምሕረት በሰው ዓለም አገኘ። ድንበር መሻገር ሲገባው ይህን ይሠራል።

ሁለተኛው ማስረጃዬ የፊልሙ ማብቂያ ነው። የተከፈተው የዓለማት በር እንዲዘጋ የሆላንዱ ፒተር ዋጋ ይከፍላል፤ የሚያውቁት ሁሉ እንዲረሱት ይስማማል። ፍቅረኛው ረሳችው፣ ጓደኛው ረሳው፣ ያሳደገችው አክስቱ ሞታለች፣ ቢሊየነሩም የለም። ባዶ የኪራይ ክፍል ይገባል፤ ልብሱን በገዛ እጁ ይሰፋል። አስተውሉ! «አይሻገሩ» የሚሉት ወገኖች ጠፋብን ያሉት ድሃው ፒተር ተመልሶ የመጣው በመሻገር ነው። ሁለቱን ተከራካሪዎች አንድ ፊልም አስታረቃቸው፤ ያስታረቃቸውም ለሁለቱም የጠየቁትን በመስጠት ሳይሆን ዋጋውን በማስከፈል ነው። ፊልሙ እንከን የለውም አልልም። የቆዩት ተዋንያን በገቡ ቁጥር ለጭብጨባ ጊዜ እየሰጠ ይቆማል፤ ከድሮ ፊልሞች የተወሰዱ ቀልዶችንም ከልክ በላይ ይደግማል። መሠረቱ ግን የድርሰት መሠረት ነው።

«ዴድፑልና ዎልቨሪን» (2024) በመካከል የሚቀመጥ ነው። ዲዝኒ በማርች 2019 ፎክስን 71 ቢሊዮን ዶላር በሚያህል ዋጋ ከጠቀለለ በኋላ የመጣ ነው። ሂው ጃክማን በ2017ቱ «ሎጋን» ዎልቨሪንን በክብር ገድሎት ነበር፤ ከምወዳቸው የዚህ ዘውግ ፊልሞች አንዱ ነው። አዲሱ ፊልም የሚጀምረው ያንን መቃብር በመቆፈር፣ በአጥንቱም በመዋጋት ነው። ቅድስናን በመድፈር ይስቃል። ይሁን እንጂ የፎክስ ስም የተቀረጸበት ሐውልት ግማሽ አካሉ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚታይበት በረሃ ውስጥ፣ ታሪካቸው ሳያልቅ የተተዉ ጀግኖች ይኖራሉ። ዌስሊ ስናይፕስ ከ1998 ጀምሮ የሚታወቀው ብሌድ ሆኖ ይመጣል፤ ቻኒንግ ቴተም ፊልሙ ሳይሠራ የቀረውን ጋምቢትን ይጫወታል። ቀልዱን ስናነሣለት ፊልሙ ስለ አንድ የሞተ ስቱዲዮ የተዘፈነ ሙሾ ነው። ችግሩ፣ ሙሾውን የሚያወርደው ገዢው ራሱ መሆኑ ነው። ሟቹን ቀባሪው አለቀሰለት፤ የልቅሶውንም ትኬት ሸጠ።

እዚህ ላይ ነው የክርክሩ እውነተኛ አደጋ የሚታየኝ። አፍቃሪዎች እንደ ኳስ ደጋፊ የኩባንያ ማሊያ ለብሰው ሲሟገቱ፣ ቁጣቸው በድርድር ጠረጴዛ ላይ የሚመዘን ዕቃ ይሆናል። በ2019 የተጣሉበት ጉዳይ የጥበብ አልነበረም፤ የወጪና የትርፍ ድርሻ ነበር። በመጨረሻም እንደ ተዘገበው ዲዝኒ ከወጪው ሩቡን ችሎ ከትርፉ ሩቡን ለመውሰድ ተስማማ። «ስፓይደርማንን አድኑልን» ብሎ የጮኸው አፍቃሪ ከዚያ ሩብ ምን ደረሰው? ይልቁንም አጥሩ ሁሉ ፈርሶ ሁሉም ጀግና በአንድ ጌታ ሥር ቢውል ደስ የሚለው አፍቃሪ አንድ ነገር ይዘነጋል። ተቀናቃኝ የሌለው ጌታ አዲስ ነገር ለመሞከር አይገደድም። ሶኒ የራሱን ሸረሪት ይዞ ባይቀር ኖሮ፣ በ2018 የወጣውንና በሚቀጥለው ዓመት በአኒሜሽን ዘርፍ ኦስካር ያገኘውን «ኢንቱ ዘ ስፓይደር-ቨርስ» ማን ይሠራልን ነበር? በዚያ ፊልም ውስጥ በርካታ ስፓይደርማኖች ከየዓለማቸው ይገናኛሉ፤ ለዚያ መገናኘት ሁለት ኩባንያ ማስታረቅ አላስፈለገም። ምናብ በቃው።

ከክርክሩ ውስጥ ሁልጊዜ የሚቀሩት ደግሞ ፈጣሪዎቹ ናቸው። የሱፐርማን ፈጣሪዎች ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር በ1938 መብታቸውን የሰጡት በ130 ዶላር ነው። የጡረታ አበልና የስማቸውን መጠቀስ ያገኙት ከረጅም ሙግት በኋላ በ1975 መጨረሻ ነበር። የጃክ ከርቢ ወራሾች ከማርቭል ጋር በስምምነት የጨረሱት በ2014 ነው፤ እሱ ካረፈ ሃያ ዓመት ሆኖት። ጀግናው ወደ የት ይሻገር ብለን ስንከራከር፣ ጀግናውን ከምንም ያመጣው ሰው በየትኛው በር እንደ ወጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እኛ ያደግንበት ተረት እንዲህ ያለ አጥር አልነበረውም። ጦጣና ጅብ በየአውራጃው፣ በየቋንቋው ሲገናኙ ማንም ፈቃድ አልጠየቀም። አለቃ ገብረ ሃና የተናገሩትም ያልተናገሩትም ቀልድ በስማቸው ይነገራል፤ ተራኪው ሁሉ ጨመረበት፣ ያልጣመውን ሕዝብ ጣለው፤ የጣመው ቀረ። ይህን የማነሣው የእኛ ይበልጣል ለማለት አይደለም፤ ተራኪዎቻችንም ከአፋቸው ለወጣው ዋጋ አልተከፈላቸውም። የማነሣው፣ ገጸ ባሕርይ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከቤት ወደ ቤት መሻገሩ የተፈጥሮው ነገር መሆኑን ለማሳየት ነው። አዲስ ነገር መሻገሩ አይደለም፤ መከልከሉ ነው።

ክልከላውም ዘላለማዊ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ መሠረት የ1938ቱ የመጀመሪያው የሱፐርማን ታሪክ በጃንዋሪ 2034 የሕዝብ ንብረት ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት የባትማን የመጀመሪያ ታሪክ ይከተለዋል። ስፓይደርማን እስከ 2058 መጠበቅ አለበት። የንግድ ምልክቱ ጥበቃ ቢቀጥልም፣ ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ታሪክ ይዞ አዲስ መጻፍ ለሚሻ ሁሉ በሩ ክፍት ነው። ያኔ «የሶኒ ነው፣ የዲዝኒ ነው» የሚለው ሙግት ትርጉም ያጣል። እኔ የምሰጋው ሌላ ነገር ነው። ጀግኖቹ ነጻ ሲወጡ፣ እኛ አፍቃሪዎቹ አጥር መቁጠር ብቻ ለምደን፣ ምን ብለን እንደምንተርካቸው ጠፍቶብን እንዳንገኝ።